የመርፌ አገር፦ ከግሪንላንድ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017፦ ኑክ

ወደ ግሪንላንድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሊያይ ነው የሚሄደው። እኔን ያመጣኝ ልብስ ነው። እናቴ ጥጥ ፈታይ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የለበሰውን ሳይ አስቀድሞ ዓይኔ የሚያርፈው ስፌቱ ላይ ነው። የግሪንላንድ ሴቶች የበዓል ልብስ በፎቶግራፍ ካየሁት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም፤ ትከሻና ደረትን የሚሸፍነው ዶቃ፣ እስከ ጭን የሚደርሰው የቁርበት ቦት ጫማ፣ እነዚያ ከሩቅ ጥልፍ የሚመስሉ የቆዳ ቁርጥራጮች። ብሔራዊ በዓላቸው በፈረንጆቹ ጁን 21፣ በእኛ ሰኔ 14 ነው። በዚያ ቀን ትልቅ ትንሹ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። ጉዞዬንም በዚያው ዙሪያ አቀድኩ።

ከኮፐንሃገን የተነሣው አውሮፕላን የምሥራቁን ጠረፍ ካለፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከበታቻችን ነጭ ሜዳ ብቻ ነበር። ግሪንላንድ በዓለም ትልቁ ደሴት ነው፤ ስፋቱ 2,166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የኢትዮጵያን እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን የበረዶው ውፍረት አንዳንድ ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ 57,000 ገደማ ነው። ሁሉም የሚኖረው በባሕሩ ዳር ነው። ከተማ ከከተማ የሚያገናኝ አውራ ጎዳና የለም፤ ሰው የሚጓዘው በአውሮፕላን፣ በሄሊኮፕተርና በጀልባ፣ በክረምት ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት ሸርታቴ ነው።

ለሚያስቡበት አንድ ነገር ልናገር። ግሪንላንድ የዴንማርክ መንግሥት አካል ብትሆንም ከሼንገን አካባቢ (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ናት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቪዛው ለግሪንላንድም እንደሚያገለግል በግልጽ እንዲጻፍበት አስቀድሞ ማመልከት አለበት። ለዴንማርክ ብቻ የተሰጠ ቪዛ እዚህ አያስገባም።

የኑክ አዲሱ ማረፊያ በኖቬምበር 2024 መጨረሻ ሥራ ስለጀመረ (ከዕለቱ ርእሶች በቀር በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሁን ከአውሮፓ በቀጥታ ዋና ከተማው ድረስ መምጣት ይቻላል። ቀድሞ መንገደኛው ሁሉ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠሩት በካንገርሉሱአቅ ነበር የሚያልፈው።

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ያቀናሁት ወደ ብሔራዊ ሙዚየሙ ነው። በአሮጌው ወደብ አጠገብ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን መጋዘኖች ውስጥ ነው ያለው። የቂላኪትሶቅ ሙታን ያሉት እዚያ ነው። በ1972 ቆቅ መሰል ወፎችን ሲያድኑ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ በሰሜን በኡማናቅ አጠገብ ከአንድ ዓለት ጥላ ሥር በድንጋይ የተሸፈነ መቃብር አገኙ። በውስጡ ስድስት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ነበሩ። የተቀበሩት በ1475 ገደማ ሲሆን ደረቁና ቀዝቃዛው አየር ሥጋቸውንም ልብሳቸውንም ጠብቆ አቆይቶታል። ሁሉም አይደሉም ለእይታ የቀረቡት፤ የቀረቡትም በደብዛዛ ብርሃን፣ በአክብሮት ነው።

ሰው የሚያወራው ስለ ትንሹ ሕፃን ፊት ነው፤ እውነትም ሲያዩት ልብ ይሰብራል። እኔ ግን ብዙ የቆየሁት ልብሶቹ ዘንድ ነው። ከመቃብሩ 78 ልብሶች ወጥተዋል። የውስጥ ልብሱ ከወፍ ቆዳ የተሰፋ ነው፤ ላባው ወደ ገላ ዞሮ ሙቀት ይይዛል። የውጭው ከአቆስጣ (ፈረንጆች ሲል ከሚሉት የባሕር አጥቢ እንስሳ) ቁርበት ነው። ቦት ጫማው ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል። አንዷ ልብስ ላይ የቁርበቱ ፈካ ያለና ጥቁር ገጽ እንዴት እየተፈራረቀ እንደተገጠመ አየሁ። ቁርበቱን የቆረጠችው ሴት ለሙቀት ብቻ ብትሰፋ ኖሮ ያን ያህል አትደክምም ነበር። በዚያ ብርድ፣ በዘይት መብራት ሥር፣ ውበት አስባ ነው የቆረጠችው። ከስድስቱ ሴቶች የአምስቱ ፊት ተነቅሷል። ንቅሳቱ ሚስዮናውያን ከመጡ በኋላ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ አንዳንድ ወጣት ሴቶች መልሰውታል፤ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ አንዷን አገጯ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይዛ አየኋት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፦ ኢሉሊሳት

በትንሿ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ወደ ሰሜን። የአርክቲክን ክበብ አልፈን ኢሉሊሳት ስናርፍ ባሕሩ በተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ተሞልቶ ነበር። ከተማዋ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት ናት፤ ቤቶቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሆነው ባዶው ዓለት ላይ ተቀምጠዋል። የዋልታውን ሕዝብ ተረትና ኑሮ ዞሮ የሰበሰበው ክኑድ ራስሙሰን በ1879 የተወለደው እዚሁ ነው፤ ቤቱም ሙዚየም ሆኗል። በከተማዋ ዳርቻ ውሾቹ በሰንሰለት ታስረው ይጮኻሉ። ከክበቡ በስተ ሰሜን በምዕራብ ጠረፍ፣ እንዲሁም በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ ከሸርታቴ ውሻ በስተቀር ሌላ ዝርያ ማምጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ዘራቸው እንዳይደባለቅ ነው።

ስለ በረዶው ከሚያስረዳው የጎብኚዎች ማዕከል ተነሥቶ በእንጨት መረማመጃው ወደ ሰርመርሚዩት ወረድኩ። ዛሬ ሰው አይኖርበትም፤ ሣር ብቻ ነው። ከ4,000 ዓመታት በላይ ግን ሦስት የተለያዩ ባህሎች እየተተካኩ ኖረውበታል፤ ሳቃቅ፣ ዶርሴት፣ በኋላም የዛሬዎቹ ካላሊት (የግሪንላንድ ኢኑይት፣ ማለት የዋልታው አካባቢ ነባር ሕዝብ) አባቶች የሆኑት የቱሌ ሰዎች። ከዳርቻው እንዳይጠጉ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ተተክሏል፤ የበረዶ ተራራ ሲገለበጥ ወይም ሲሰበር የሚያስነሣው ማዕበል ሳይታሰብ መጥቶ ሰው ይወስዳል።

በረዶው የሚመጣው ሰርሜቅ ኩያትሌቅ ከሚባለው ግግር ነው። በቀን እስከ 40 ሜትር ድረስ ይጓዛል ሲባል ቁጥር ብቻ ይመስላል። በዓመት ወደ ባሕር የሚጥለው በረዶ ከ35 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትልልቆቹ ቁራጮች የፍዮርዱ (በተራሮች መካከል ወደ ውስጥ የገባው ጠባብ የባሕር ክንድ) አፍ ላይ፣ ከውኃው በታች ባለው ደለል ላይ ተሰንክለው ይቆማሉ፤ ቀልጠው ወይም ተሰብረው እስኪቀሉ፣ ወይም ከኋላ የሚመጣው እስኪገፋቸው ድረስ ይቆያሉ። ዩኔስኮ ቦታውን በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከ1997 ወዲህ ሞቅ ያለ የውቅያኖስ ውኃ ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለገባ የግግሩ ተንሳፋፊ ምላስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሰባብሮ አልቋል። ዝም ብሎ የተቀመጠ የሚመስለው ነጭ ግድግዳ በየደቂቃው ይንኮሻኮሻል፤ ሩቅ ቦታ መድፍ የተተኮሰ ያህል ሲያስተጋባ ሰው ሁሉ ራሱን ያዞራል፣ የወደቀውን ግን ማንም አያየውም።

ሌሊቱን እንዴት ልግለጸው? ፀሐይ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ አትጠልቅም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ተነሥተን ነው፤ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ግን የምትወጣ ፀሐይ የለችም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ በመስኮት አየሁ፤ ጥላቸው ረጅም ነው፣ በረዶው ወርቃማ ነው፤ ማንም ግቡ አይላቸውም። ክረምቱ ሲመጣ ይኸው ፀሐይ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መግቢያ ድረስ ጨርሶ አይታይም። በዚያን ጊዜ ሴቶች ይሰፋሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13፦ ወደ ዲስኮ ደሴት

ቀኑ የጀልባ ነው። ዲስኮ ከኢሉሊሳት ማዶ ያለ፣ 8,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደሴት ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ ቀቀርታርሱአቅ፣ ትልቁ ደሴት ይሉታል። ጀልባው በበረዶ ቁራጮች መካከል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የደሴቱን ተረት ነገሩኝ። ደሴቱ በጥንት ጊዜ በደቡብ ነበር። ሁለት አዳኞች ጠሉትና በካያክ (በቁርበት በተሸፈነ ጠባብ የአዳኝ ጀልባ) ሆነው በአንድ ሕፃን የራስ ፀጉር አስረው ወደ ሰሜን ጎተቱት። ሌላው ደሴቱን የሚወድ ሰው ደግሞ በአቆስጣ ጠፍር ወደ ኋላ ሊያስቀረው ሞከረ። ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ፀጉሩ ግን አልተበጠሰም።

ከተማዋም እንደ ደሴቱ ቀቀርታርሱአቅ ትባላለች፤ ከ1,000 በታች ሰው ይኖርባታል። በ1773 በዓሣ ነባሪ አደን ምክንያት የተቆረቆረች፣ እስከ 1940 ድረስ የሰሜን ግሪንላንድ አስተዳደር መቀመጫ የነበረች ናት። ከኋላዋ ጠፍጣፋ አናት ያላቸው የባዛልት ተራሮች ይታያሉ፤ ከእሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። ጥቁር አሸዋው ላይ ነጭ በረዶ ወጥቶ ተጋድሟል። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የአርክቲክ ጥናት ጣቢያም እዚህ ነው፤ ሞርተን ፖርሲልድ የተባለ የእፅዋት ሊቅ በ1906 ያቋቋመው።

ያደርኩበት ቤት እመቤት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው እናት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ የቁርበት መወጠሪያ የእንጨት ፍሬም ቆሟል። ሳየው ሌላ ማረፊያ ባለመፈለጌ ደስ አለኝ። የልጅ ልጃቸው በዴንማርክኛ እያስተረጎመች ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው «ከቡና አገር!» አሉና ጀበና ሳይሆን ትልቅ ቴርሞስ ፊቴ አስቀመጡ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፦ በዓሉ

ጠዋት በመድፍ ድምፅ ነቃን። ቀይና ነጩ ባንዲራ በየቤቱ ተሰቅሏል። ባንዲራው የተወለደው በዚሁ ቀን በ1985 ነው፤ ንድፉ የአገሩ ተወላጅ የቱዌ ክርስቲያንሰን ነው። ግሪንላንድ የራሷን አስተዳደር የያዘችው በ1979 ሲሆን ሥልጣኑ የሰፋው በጁን 21 ቀን 2009 ነው። ያን ጊዜ ካላሊሱት፣ የራሳቸው ቋንቋ፣ ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ቀኑ በዓመቱ ረጅሙ ስለሆነ ብርሃኑንም ነጻነቱንም አንድ ላይ ያከብራሉ።

ሰልፉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ሕንጻ ነው፤ ሰው በፍቅር የጌታ የቀለም ቀንድ ይለዋል። እኔ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ልብስ አየሁ።

የወንዱ ቀላል ነው። ነጭ አኖራክ፣ ማለት በራስ የሚጠለቅ ጃኬት፣ ኮፍያው ከጀርባ የተንጠለጠለ፤ ጥቁር ሱሪ፤ አጭር ጥቁር ካሚክ፣ ማለት የቁርበት ቦት ጫማ። ንጹሕና ኩሩ አለባበስ ነው።

የሴቷን ግን ከታች ጀምሬ ልሂድ። ካሚኳ ከጉልበት አልፎ ጭን ድረስ ይወጣል። ወጣቶቹ አብዛኞቹ ነጭ አድርገዋል፤ ከትልልቆቹ ቀይ ያደረጉ አየሁ። ከውስጡ ሌላ የውስጥ ቦት አለ፤ በላይኛው ጠርዝ አበባ የተጠለፈበት ጨርቅ፣ ከዚያም በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ብቅ ይላል። ከዚያ በላይ አጭር የአቆስጣ ቁርበት ሱሪ አለ፤ ፀጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ ብር ይመስላል። በሱሪው ፊት ለፊትና በካሚኩ ላይ ወርዶ የሚሄደው አቪታት የሚሉት ሥራ ነው። ቀለም የተነከረ ቆዳ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች እየተቆረጠ፣ አንድ በአንድ በመርፌ እየተሰፋ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሐረግ ይሠራል። ከአንድ ሜትር ርቀት የታተመ ስዕል ይመስላል፤ ቀርቦ ያየ ሰው ግን የእያንዳንዷን ቁራጭ ስፌት ሊቆጥር ይችላል።

ከላይ ያለው ደማቅ ሐር ወይም ጥጥ ነው፤ አንገቱና የእጁ ጫፍ በጥቁር ፀጉራም ቆዳ የተጠረዘ። በትከሻው ላይ ኑይላርሚዩት ያርፋል፤ ሺዎች የመስተዋት ዶቃዎች በክር ተያይዘው ትከሻን፣ ደረትን፣ ጀርባን የሚሸፍን መረብ። ዶቃው የአገሩ አይደለም። በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓሣ ነባሪ አዳኞችና ነጋዴዎች በቁርበትና በዘይት ይለውጡት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሴቶቹ ከአጥንትና ከዓሣ አከርካሪ ነበር ዶቃ የሚሠሩት። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ባህላዊ አይደለም» ይላል። አልስማማም። ዶቃው ከውጭ መጣ፤ መረቡን የነደፈችው፣ ቀለሙን የመረጠችው፣ ልጇ ለጋብቻ ስትደርስ የምትለብሰውን በክረምቱ ጨለማ ያሰረችው የአገሩ ሴት ናት። ባህል ማለት እጅ የገባውን ነገር የራስ ማድረግ ካልሆነ ሌላ ምንድነው?

ልብሱ በመላው ደሴት አንድ ዓይነት አይደለም። ይህ ያየሁት የምዕራቡ ነው። በሩቁ ሰሜን፣ በቱሌ አካባቢ፣ ወንዶቹ የነጭ ድብ ሱሪ ይለብሳሉ፤ የሴቶቹ ሱሪ ከቀበሮ ቆዳ ነው። የምሥራቁም የራሱ አለው። ሕፃናት ትምህርት ቤት በሚገቡበት የመጀመሪያ ቀን፣ ወጣቶች ሃይማኖታቸውን በሚያጸኑበት ሥርዓት፣ በሠርግ፣ በገና ይለበሳል። አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ በትንሽ ነጭ ካሚክ እየተንቀጠቀጠች አያቷን ይዛ ስታልፍ ዶቃዎቿ ሲንሿሹ ሰማኋቸው።

ከቅዳሴው በኋላ ካያክ ላይ ያሉ ወጣቶች በውኃ ውስጥ ተገልብጠው ሲመለሱ ታየ፤ የከበሮ ዘፈንም ነበር። የኢኑይት የከበሮ ውዝዋዜና ዜማ በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሚስዮናውያን ለረጅም ዘመን ሲነቅፉት ስለነበር ዛሬ የሚችሉት ጥቂት ናቸው፤ ሰውም በጸጥታ ነው ያዳመጠው።

ከዚያ ካፈሚክ። በር ይከፈታል፣ ጫማ ይወልቃል፣ የሚያልፈው ሁሉ ይገባል፤ ቡናና ዓይነቱ የበዛ ኬክ ይቀርባል። ሲኒ ሲጎድል ይሞላል። የተነሣው ሲሄድ ሌላው በቦታው ይቀመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለሚቆይ ሰው ፍጥነቱ ያስደንቃል፤ ጎረቤት ካልገባበት ቡና አይደለም የሚለው ነገር ግን እዚህም አለ። ከኬኩ በፊት ሱዋሳት በላሁ፤ የአቆስጣ ሥጋ በሽንኩርት፣ በድንችና በሩዝ የተቀቀለ ሾርባ ነው። ሥጋው ጥቁርና ከባድ ነው፤ የባሕር ጣዕም አለው። ማታክ የሚሉትን ጥሬ የዓሣ ነባሪ ቆዳም አቀረቡልኝ፤ ለብዙ ጊዜ ይታኘካል፣ ስቡ እንደ ለውዝ ይጥማል። አትክልት እንደ ልብ በማይበቅልበት አገር ቫይታሚን ሲ ከሚገኝባቸው ምግቦች አንዱ ይኸው ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 15፦ ቁርበት

ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። እመቤቲቱ ሥራቸውን ሊያሳዩኝ ፈቀዱ።

በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ መክደኛ የአቆስጣ ቁርበት ይታዘዛል፤ በልጅነቴ ሲነበብ ስሰማ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። ዛሬ ቁርበቱ ከነስቡ ጉልበቴ ላይ ነበር። የሚፋቀው ኡሉ በሚባል የሴት ቢላዋ ነው፤ ስለቱ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው፣ እጀታው ከመካከል የሚያዝ። ስቡ ሳይቀር መውጣት አለበት፤ ትንሽ ከቀረ ቁርበቱ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ቢላዋው ከሳተ ደግሞ ይቀደዳል። ከዚያ ይታጠባል፣ ፍሬሙ ላይ ይወጠራል፣ ይደርቃል። ፀጉር ለማይፈለግበት ሙቅ ውኃ ይፈስስበትና ይፋቃል። ያ ነጭ ካሚክ የሚሰፋበት ቆዳ በፀደይ ብርድና ፀሐይ ነው የሚነጣው፤ ውርጩ ራሱ ያለፋዋል። በድሮ ጊዜ ቁርበት በሽንት ይለፋ ነበር፣ ለማለስለስም ሴቶች በጥርሳቸው ያኝኩት ነበር፤ የእናታቸው ጥርስ አልቆ እንደነበር ነገሩኝ። ለጫማው ተረከዝና መርገጫ ጺማሙ የሚባለው ትልቁ አቆስጣ ይመረጣል፤ ቆዳው ወፍራም ነውና።

ስፌቱን ሲያሳዩኝ ነው ነገሩ የገባኝ። መርፌው ቆዳውን ዘልቆ አያልፍም። በውፍረቱ መካከል ገብቶ በዚያው በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ ውኃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አይኖርም። በቀድሞው ጊዜ ክሩ የዓሣ ነባሪ ወይም የአጋዘን ጅማት ነበር፤ ጅማት ሲርስ ያብጣል፣ ስፌቱንም የበለጠ ይደፍነዋል። እንዲህ ሆኖ ካልተሰፋ ባልየው በካያክ ላይ እጁ ይርሳል፤ በዚያ ውኃ የረሰ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ካያኩ ራሱ በሴቶች የተሰፋ ቁርበት ነበር። ታሪክ ሲጻፍ አዳኙና ጦሩ ይወደሳሉ፤ ጦሩን ይዞ የወጣውን ሰው በሕይወት የመለሰው የሚስቱ መርፌ ነው። በዚህ አገር ሰው የኖረው በመርፌ ነው ብል አላጋንንም።

አቪታቱን ስሞክር ቁራጩ ከጣቴ አምልጦ ይወድቅ ነበር። እመቤቲቱ ቆዳውን በስለት ሲቆርጡ መለኪያ አይጠቀሙም፤ ዓይናቸው ይለካል። የልጅ ልጃቸው በበጋ ትማራለች፤ የተሟላ ልብስ ለመጨረስ ወራት ስለሚፈጅ ዋጋው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ቤተሰብም ከእናት ወደ ልጅ እያስተላለፈ፣ እያሰፋና እየጠገነ ይለብሰዋል።

አንድ ነገር ግን ሳይቆረቁረኝ አልቀረም፤ ስለ አውሮፓ ሕግ ሲነሣ ቤቱ ዝም አለ። በ1970ዎቹ ነጭ ፀጉር ያላቸውን የአቆስጣ ግልገሎች መግደል በካናዳ በረዶ ላይ ሲቀረጽና ሲሰራጭ ዓለም ተቆጣ። አውሮፓ በ1983 የግልገሎቹን ቆዳ ከለከለ፤ በ2009 ደግሞ የአቆስጣ ምርትን በጠቅላላ አገደ፤ የኢኑይት ሕዝብ የሚያድነው ብቻ ሳይከለከል ቀረ። የግሪንላንድ አዳኝ ግልገል አያድንም። የሚያድነው ለሥጋው ነው፤ ቤተሰቡም ውሾቹም ይበሉታል፤ ቁርበቱ ትርፍ ነው። ቢሆንም ገዢው ሁሉ ሸሸ። ሕጉ ለኢኑይት በር ቢተውም፣ ሱቅ ውስጥ ቁርበት ያየ የአውሮፓ ሰው ካናዳንና ግሪንላንድን አይለይም። የቁርበቱ ዋጋ ወደቀ፣ አዳኝ ገቢው ደረቀ። ለእንስሳ መራራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከፕላስቲክ የተሠራ ጃኬት ለብሶ፣ ከደጁ ያገኘውን እንስሳ ሳያባክን የሚጠቀመውን ሰው መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ሌላው ጭንቀታቸው በረዶው ነው። ባሕረ ሰላጤው ክረምት ክረምት ይረጋ ነበር፤ አዳኞችም በሸርታቴ ይሻገሩበት ነበር። ዛሬ የሚረጋው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲረጋም አይታመንም። ውሻ የሚያረባው ሰው እየቀነሰ ነው። የእመቤቲቱ ታናሽ ልጅ ውሾቹን ሸጦ በትልቅ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ተቀጥሯል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16፦ ኩዋኒት

ከከተማዋ በምሥራቅ በኩል በእግር ተጓዝኩ። ቀዩን ወንዝ በድልድይ ተሻገርኩ፤ ከባዛልቱ በሚያጥበው ደለል ቀልቶ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ትንኞቹም መነሣት ጀምረዋል። ዛፍ የሚባል የለም፤ አኻያው እንኳ መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚያድገው፣ አብዛኛው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ረግረጉ ላይ ነጭ ራስ ያለው ሣር ብቅ ብቅ ብሏል። በጥንት ጊዜ ይህን ከደረቅ ሞስ (ረግረግ ላይ እንደ ምንጣፍ ከሚነጠፍ ትንሽ ተክል) ጋር አዋሕደው የአቆስጣ ዘይት መብራት ክር ያደርጉት ነበር፤ ያ ሁሉ ስፌት የተሰፋው በዚህ ብርሃን ነው።

ኩዋኒት ስትደርስ ዓለቱ ይለወጣል። ላቫው ሲቀዘቅዝ ባለ ብዙ ማዕዘን ምሰሶዎች ሆኖ ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንዳንዱ ተጠማዞ ባሕር ውስጥ ይገባል። በምሰሶዎቹ መካከል አንጀሊካ የሚባለው ተክል ይበቅላል፤ ግንዱ ተልጦ ጥሬውን ይበላል፤ እንደ አኒስ ዓይነት መዓዛ አለው። በዚህ ደሴት ሞቅ ያለ የምንጭ ውኃ በየቦታው ስላለ ክረምቱን ሙሉ የማይረጋ መሬት ይገኛል፤ አረንጓዴው የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ባሕሩ ላይ ሁለት ባለ ጉብታ ዓሣ ነባሪዎች ሲተነፍሱ አየሁ። አንዱ ሲጠልቅ ጭራው ለረጅም ጊዜ በአየር ላይ ቆየ። ከዓሣ ነባሪ ጋር የተያያዘው የከተማዋ ታሪክ ረጅም ነው፤ ዛሬም ጥቂት በኮታ ይታደናሉ፣ ሥጋው ለአገሩ ሰው ይከፋፈላል።

ሲመሽ፣ መምሸት ካልን፣ የእመቤቲቱ የልጅ ልጅ በራሷ እጅ የሠራችውን ትንሽ የአቆስጣ ቦርሳ ገዛኋት። ለምትሄዱ ሰዎች ይህን ላሳስብ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትወስዱት ዕቃ የኢኑይት አደን ምርት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከሻጩ ጠይቁና ከዕቃው ጋር ያዙ። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት፤ በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ የአቆስጣ ምርት ወደ አገር ማስገባትን ስለሚከለክል በጉምሩክ ይወሰድባችኋል። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን በዶቃ ሥራ ላይ ቢያውል ይሻለዋል፤ የእጅ አምባርና የአንገት ጌጥ በየቤቱ ይሠራሉ፣ ዋጋውም ቀጥታ ወደ ሰፊዋ እጅ ይገባል። የበዓሉን ልብስ ሙሉውን ለማየት ከጁን 21 ሌላ ጥሩው ጊዜ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት የኦገስት ወር ነው፤ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ሴቲቱን ጠይቁ፣ ልብሱንም ማን እንደሰፋው ጠይቁ። የሰፊዋን ስም የማትነግራችሁ ሴት አላገኘሁም።